ኦም ፍሪክ «እልፍ!» ያለኝ ጠዋት

እኔን የሆሳዕናውን ሰው ባሕር ውስጥ ያስገባኝ አማርኛ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ይሄን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ ጆሃንስበርግ አጠገብ ጀርሚስተን ያሉ ወገኖቼ አንዱ «ሰውየውን ነካ አድርጎታል»፣ ሌላው «የለም፣ ሃይማኖት ለውጦ ነው» እያለ ወሬውን ስላራቡት ነው። ሁለቱም ውሸት ነው። ነገሩን ከባለቤቱ አፍ ስሙት።

ሚስቴ ትዕግስት ትባላለች፤ የሐዋሳ ልጅ ናት። ከጀርሚስተን ብዙም በማይርቀው ቮስሎሩስ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ አለን፤ ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች እንኖራለን። ዓመታት ልጅ ስንለምን ቆይተን ጌታ ሰጠንና፣ ገና ደስታችንን ሳናጣጥመው ማስመለስ ጀመራት። «ጠዋት ጠዋት ያለ ነው» አሉን። የሷ ጠዋት ግን ቀኑን ሙሉ አያልቅም። ዳቦ አይረጋላትም፣ አጥሚት አይረጋላትም፣ ሩዝ ገና ከድስቱ ሳይወጣ እሷ ባልዲው ጋ ናት። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆና ቀሚሷ ከትከሻዋ ይንሸራተት ጀመር። የክሊኒኳ ነርስ ሚዛን ላይ አቆመቻትና ቁጥሩን ካርዷ ላይ ጻፈች። ከዚያ «የሚቀጥለው ሰኞ ትመጫለሽ። እስከዚያ ምግብ የሚባል ነገር ሆድሽ ውስጥ ካልረጋ አስተኝተን ግሉኮስ እንሰጥሻለን። እንዲህ መቀጠሉ ለልጁም ጥሩ አይደለም» አለቻት።

ትዕግስት መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። «እኔ ሆስፒታል አልተኛም! እዚያ ገብቼ በምን ቋንቋ ነው የማቃስተው?» ትለኛለች። እኔ ራሴ ከዙሉ የማውቀው «ሳውቦና» ብሎ ሰላምታ መስጠትና «ዳቦ አልቋል» ማለት ነው። በዚህ ደግሞ ማንም አያቃስትም።

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ከአልጋው ቀና አለችና «ዓሣ አማረኝ» አለች።

ኧረ እልል በሉ! በሦስት ሳምንት ውስጥ ያማራት የመጀመሪያ ነገር ነው። ጫማዬን ሳላስር እየሮጥኩ ወጣሁ።

እኔና ዓሣ ግን አንተዋወቅም፤ ይሄን ከአሁኑ እወቁልኝ። እኛ ሰፈር ዓሣ ማለት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነበር። ዮናስን ዋጠ፣ ለሕዝብ ታደለ፣ በቃ። ቆጮ ስጡኝ፣ ጎመን ስጡኝ፣ ክትፎ ከሰጣችሁኝማ ስሜንም እረሳለሁ። እና ሱፐርማርኬት ገብቼ የመጀመሪያ ያየሁትን፣ በካርቶን የታሸገ በረዶ የሠራ ዓሣ ገዛሁ። ትዕግስት ካርቶኑን ከፍታ አሸተተችው።

«ይሄ ከሞተ ስንት ጊዜው ነው?»

«ካርቶኑ ላይ ተጽፏል መሰለኝ...»

«አንተ ሰውዬ! እኔ ያማረኝ የዛሬ ዓሣ ነው። ጠዋት ውሃ ውስጥ ሲዋኝ የነበረ፣ ከሰዓት መጥበሻ ላይ የሚንጫጫ። በዳጣ። የሐይቁ ዳር ልጅ ነኝ እኮ፣ ማንን ልታታልል ነው?» አለችና ባልዲው ጋ ሄደች። ሽታው በቅቷታል።

ረቡዕ ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እህቶች ከበቡኝ። «አምሮቷን ካላገኘች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል!» አለች አንዷ። ሌላዋ የአክስቷን ልጅ ጠቀሰች፤ እናቱ ጉበት አምሯት ሳታገኝ ቀርታ ጉንጩ ላይ ጉበት የሚያህል ምልክት ይዞ ተወለደ አለች። እኔም ወዲያው ልጄን ግንባሩ ላይ ዓሣ ተስሎበት፣ ትምህርት ቤት ልጆች ሲስቁበት አየሁት። ሽማግሌያችን ሰሙና ተቆጡ። «ይሄ ባህላዊ እምነት ነው! በጌታ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም!» አሉ ጮክ ብለው። ስንወጣ ግን ክንዴን ያዝ አድርገው በጆሮዬ «ለማንኛውም አንተ ዓሣውን ፈልግላት» አሉኝ።

ጆሃንስበርግ ውስጥ የዛሬ ዓሣ ከየት ይመጣል? ወርቅ ብትሉኝ ከመሬት ሥር ወጥቶበታል። ባሕር ግን በመኪና ስድስት ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ኦም ፍሪክ ይግባ። ኦም ማለት በአፍሪካንስ አጎት ማለት ነው። ኦም ፍሪክ ጡረታ የወጣ ነጭ ሽማግሌ ነው፤ የቮስሎሩስንና የጀርሚስተንን የአበሻ ሱቆች ፍሪጅ በሙሉ የሚጠግነው እሱ ነው። ከኛ ጋር ብዙ ዓመት ከመዋሉ የተነሣ አማርኛ ለቃቅሟል። «ይቀዘቅዛል»፣ «አይቀዘቅዝም»፣ «ነገ ና»፣ «ቆይ ቆይ»፣ «ወደ ውስጥ ግፋ»። ፍሪጅ ስንሸከምለት «ትንሽ ወደ ግራ! ቀስ!» ሲል ዓይናችሁን ብትጨፍኑ የመርካቶ ኩሊ ነው የምትሉት። ይሄን ያዙልኝ፤ ሰውየው አማርኛ ይችላል።

ሐሙስ የለስላሳውን ፍሪጅ ሊሠራ መጥቶ ፊቴን አየና ምን ሆንክ አለኝ። እንግሊዝኛና አማርኛ እያደባለቅኩ ነገርኩት። ፍሪጁን ትቶ ተነሣ።

«ሻድ!» አለ። «ደርባን በኩል የሚጠመድ ዓሣ ነው። ከዳርቻው ቆመህ ትወረውራለህ፣ ይመጣል። ግን እሑድ የመጨረሻ ቀኑ ነው። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ይዘጋል፤ እንዲራባ ተብሎ ማንም አይነካውም። እኔ ነገ ልሄድ ነው። ወንድሜ እዚያ ካራቫን፣ ተጎታች ቤት አለው፤ እናድርበታለን። ትመጣለህ?»

እመጣለሁ ወይ ይለኛል እንዴ! አንገቱ ላይ ልጠመጠም ምንም አልቀረኝም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሱቁን መጥረጊያ ይዤ ግቢ ውስጥ አወራወር ስለማመድ ዋልኩ። ደንበኞች በፍርግርጉ በኩል ቆመው «ማይ ፍሬንድ፣ ሰማዩን ነው የምትጠርገው?» ይሉኛል። አንዷ ጎጎ፣ ከጎረቤት ያሉት አሮጊት ማለቴ ነው፣ ስኳራቸውን ረስተው ቆመው ጸለዩልኝ።

ዓሣ ለማጥመድ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል አለ ኦም ፍሪክ። ዓርብ ጠዋት ፖስታ ቤት ሄድኩ። እኔ በዚህ አገር ለአንዲት ወረቀት ዓመታት ስሰለፍ የኖርኩ ሰው፣ ይቺኛዋን ስሜን ጠይቀው ወዲያው ሲሰጡኝ ደነገጥኩ። «ጨረስን?» አልኩ። «ጨረስክ» አለችኝ ሴትዮዋ። ማኅተሙን ሦስት ጊዜ አየሁት። ከዚያ ስደተኛነቴን ከሚመሰክረው ወረቀት፣ ከሱቁ ፈቃድና ከጋብቻችን ምስክር ወረቀት ጋር በላስቲክ ጠቅልዬ እንደ ልማዴ ከሸሚዜ ሥር አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ሱቁን ለሸሪኬ፣ ትዕግስትን ለእህቷ አደራ ሰጥቼ በኦም ፍሪክ ፒክአፕ ጉዞ ጀመርን።

«ባዶ እጅህን እንዳትመጣ» አለችኝ ትዕግስት በመስኮት። እየቀለደች አልነበረም። ዓይኗ ጎድጉዷል።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ ባሕሩ ዳር ደረስን። ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። የእግዜር ያለህ! ይሄ ሁሉ ውሃ! አፌን ከፍቼ ቆሜ ቀረሁ። ኦም ፍሪክ ትርፍ ዘንጉን ሰጠኝ፤ ከኔ ቁመት እጥፍ ይሆናል። መንጠቆው ላይ ሰርዲን ሰካልኝ፣ እንዴት እንደሚወረወር አንድ ጊዜ አሳየኝና እሱ ራቅ ብሎ ካለው ድንጋይ ላይ ሊያጠምድ ሄደ።

የመጀመሪያ ውርወራዬ ወደ ኋላ ሄደ። ሁለተኛው ባርኔጣዬን ይዞ ሄደ፤ ባርኔጣዬ እስካሁን ወደ ሕንድ እየተጓዘ ይሆናል። ሦስተኛው እግሬ ሥር «ጧ» ብሎ ወደቀና አንዲት ወፍ ሰርዲኑን ይዛብኝ በረረች። በአራተኛው ግን፣ ጌታ ይባረክ፣ ክሩን የሚያጠልቀው እርሳስ እየተምዘገዘገ ሄዶ ውሃው ውስጥ ጠለቀ። አቤት ደስታ! ብቻዬን አጨበጨብኩ። እንዴት እስካሁን ያለ ዓሣ ማጥመድ ኖርኩ አልኩ።

ከኔ በስተግራ ነጭ የለበሱ ሰዎች ከበሮ እየመቱ ይዘምራሉ። ጎህ ሲቀድ ባሕር ውስጥ እየገቡ የሚያጠምቁ ምእመናን ናቸው። ዝማሬው ሞቅ ያለ ነው፤ እኔም ዘንጌን ይዤ በጉሮሮዬ አጀብኳቸው።

በዚህ መካከል ወፎቹ በአንዴ ከፊቴ ካለው ውሃ ላይ ይወርዱ ጀመር። ኦም ፍሪክ ድንጋዩ ላይ ዘለለ። እጁን ወደ ባሕሩ እያወናጨፈ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ፦

«እልፍ! እልፍ! እልፍ!»

እንግዲህ ፍረዱኝ። አማርኛ የሚችል ሰው፣ እጁን ወደ ፊት እየጠቆመ «እልፍ!» ካላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? እልፍ ትላላችሁ! እኔም እልፍ አልኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። በረዶ ነው! ዞር ብዬ አየሁት።

«እልፍ! እልፍ!»

እሺ፣ ጉልበቴ ድረስ። እንዲያውም በልቤ «ይቺን ደግሞ መቼ ለመዳት? ጎሽ ኦም ፍሪክ!» እያልኩ ኮራሁበት። ማዕበሉ ሆዴን ሲመታኝ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። አሁን እሱ በሁለት እጁ ያወናጭፋል፣ ባርኔጣውን ያራግባል፣ ፊቱ ቲማቲም ሆኗል። ገና አልደረስኩም ማለት ነው አልኩ። መዋኘት አልችልም፤ ግን ትዕግስት ባዶ እጅህን እንዳትመጣ ብላኛለች። ዘንጌን ከፍ አድርጌ ደረቴ ድረስ እልፍ አልኩ።

ያኔ ሁለት ጠንካራ ክንዶች በግራና በቀኝ ያዙኝ።

«ዎዛ፣ ብሁቲ!» አለኝ አንድ ግዙፍ ሰው፣ ና ወንድሜ ማለቱ ነው። ለካ ነጭ ለባሾቹ አንድ ሰው በትር የሚመስል ረጅም ዘንግ ይዞ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ አንሥቶ፣ ከነልብሱ ወደ ባሕር ሲገባ አይተው ሊጠመቅ መጣ ብለዋል። እኔ ደግሞ ሆሳዕና ድሮ ተጠምቄ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። «አይ ኦልሬዲ ባፕታይዝድ» ልል «አይ» ስል ማዕበሉ አፌን ሞላው፤ ስተፋው «ባፕታይዝድ!» የምትለዋ ብቻ ጮክ ብላ ወጣች።

«ሃሌሉያ!» አሉ ሁሉም።

አንድ! ብለው ነከሩኝ። በአፍንጫዬ ጨው ገባ። ሁለት! ብለው ሲነክሩኝ ከውሃው ሥር እያለሁ ዘንጉ እጄ ውስጥ ተናወጠ። መጀመሪያ ሌላ ተጠማቂ የጎተተኝ መሰለኝ። ብቅ ስል ግን ክሩ ተወጥሮ ውሃውን እየሰነጠቀ ይሮጣል፣ ዘንጉ ተቆልምሟል! ዓሣ ነው! ዓሣ!

«ያዘ! ያዘ!» ብዬ ጮኽኩ በአማርኛ። እየተንቀጠቀጥኩም ነበር፤ ከብርድም ከደስታም። እነሱ ታዲያ እንዲህ ባልታወቀ ቋንቋ እየጮኸ የሚንዘፈዘፍ ሰው ሲያዩ መንፈስ ወርዶበታል ብለው ከበሮውን አጦዙት። ሦስት! ተነከርኩ። ዘንጉን ግን አልለቀቅኩም። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልለቅም! ብቅ ብዬ ግዙፉን ሰውዬ «ፊሽ! ማይ ዋይፍ! ቤቢ! ፊሽ!» አልኩት። ሰውየው አየኝ፣ ክሩን አየ፣ ተረዳ። በዙሉ አንድ ነገር ጮኸና ምእመናኑ በሙሉ እየተንጋጉ ወገቤን ይዘው ወደ ዳር ይጎትቱኝ ጀመር። እኔ ዘንጉን እጎትታለሁ፣ እነሱ እኔን ይጎትታሉ፣ ከበሮው ይመታል፣ ዓሣው ወደ ሕንድ ልሂድ ይላል። የክሩን መጠቅለያ በየት በኩል እንደሚያዞሩት ጠፍቶብኝ የኋሊት ብቻ እየሄድን አወጣነው!

አሸዋው ላይ ተንፈራገጠ። ብልጭልጭ የሚል፣ ጥርሱ የሾለ፣ ከክርኔ እስከ ጣቴ የሚሆን ዓሣ! እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። እናቶች እልልታውን አቀለጡት፤ እኔ እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ።

ኦም ፍሪክ እያለከለከ፣ ከነልብሱ ርሶ ደረሰ። ሊያወጣኝ ገብቶ ኖሯል።

«አብደሃል? ልትሰምጥ ነበር እኮ! ምን ልትሠራ ገባህ?»

«አንተ እልፍ አልከኝ!»

«አዎ! ኤልፍ! ዓሣው መጣ፣ ወርውር አልኩህ!»

«ዓሣው ሻድ ነው አላልክም?»

«ሻድ የደርባን እንግሊዝኛ ነው! በእኛ ቋንቋ ኤልፍ ነው ስሙ! ስደሰት በእናቴ ቋንቋ ነው የምጮኸው!»

ጊዜ ወስዶ አስረዳሁት፤ በእኛ ቋንቋ እልፍ በል ማለት ወደ ፊት ጠጋ በል ማለት ነው አልኩት። «እኔ... 'ወደ ፊት፣ ወደ ፊት' እያልኩህ ነበር?» አለ። አሸዋው ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ዘንጉ ትዝ አለው። እኔን ለማዳን ሲሮጥ ድንጋዩ ላይ ጥሎት ማዕበል ወስዶታል። ሳቁን አቁሞ ባሕሩን እያየ ባርኔጣውን አወለቀ። የዓሣው መንጋም ከኛ ጩኸትና ከበሮ ሸሽቶ ሄዷል። በእጃችን ያለው አንድ ዓሣ ብቻ ነው።

ይሄን እያየን ዩኒፎርም የለበሰ ተቆጣጣሪ ማስታወሻ ደብተር ይዞ መጣ። እኔ ዩኒፎርም ሳይ እጄ ራሱ ነው የሚሠራው። ላስቲኩን ከሸሚዜ ሥር መዝዤ ወረቀቴን ሁሉ አሸዋው ላይ ዘረገፍኩለት። ስደተኛ ነኝ፣ ሕጋዊ ነኝ፣ ሱቅ አለኝ፣ አግብቻለሁ፣ ይኸው ፎቶዬ። ሰውየው በትዕግሥት ሁሉንም አየ። የዓሣ ፈቃዴን ብቻ ለየና ሌላውን መለሰልኝ።

«ወንድሜ፣ ስላንተ አይደለም የጠየቅኩህ። ዓሣውን ነው» አለና ማስመሪያ አወጣ። ከተፈቀደው ልክ ካጠረ ወደ ባሕር ይመለሳል።

ዓሣዬን ማስመሪያው ላይ አጋደመው። ኦም ፍሪክም፣ ግዙፉ አጥማቂም፣ ነጭ ለባሾቹም አንገታቸውን አስግገው ቆሙ። ከበሮው ጸጥ አለ። ተቆጣጣሪው ጭራውን አቀናው፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ እንደገና አየ።

«ያልፋል» አለ።

ዳርቻው ተናወጠ! ተቆጣጣሪውን አቀፍኩት። ከነወረቀቴ፣ ከነጨዋማ ልብሴ አቀፍኩት። በዚህ አገር እንደዚያ ያለ ቃል ከዩኒፎርም አፍ ሰምቼ አላውቅም።

ዓሣውን በረዶ ሳጥን ውስጥ አስተኝተን ወዲያው ተመለስን። በየነዳጅ ማደያው እየወረድኩ ክዳኑን ከፍቼ አየዋለሁ። «አይሸሽም እኮ፣ ሞቷል» ይለኛል ኦም ፍሪክ። እኔ ግን አላመንኩም፤ እስከዚህ ድረስ የመጣ ነገር በመጨረሻዋ ሰዓት ሲያመልጠኝ ነው የኖርኩት።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገባን። ትዕግስት ተኝታለች፤ ከሄድኩ ወዲህ ከውሃ ጭላጭ በቀር የረጋላት የለም አለች እህቷ። ድምፅ ሳላሰማ ወጥ ቤት ገብቼ ቢላ አነሣሁ። ዓሣ እንዴት እንደሚታረድ ማን ነግሮኝ? አንገቱን እንደ በግ ቆርጬ ቆዳውን ልገፍፍ ስታገል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ኧረ ተው! ኧረ ተው በእናትህ! ስጠኝ ወዲህ!»

ሦስት ሳምንት ከአልጋ ለመነሣት ክንድ ስትፈልግ የነበረችው ሴት በሩ ላይ ቆማለች። ቢላውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ቅርፊቱን በቢላው ጀርባ ከጭራ ወደ ላይ አራገፈችው፣ ሆዱን ከፈተች፣ ጎኑን ሸነታተረችው፣ ዘይቱን አጋለችው። ዓሣው ሲንጫጫ እህቷ ዳጣ አቀረበች። እኔ ባልዲውን ይዤ በሩ ጋ ቆምኩ። ኦም ፍሪክ ባርኔጣውን አውልቆ ከኔ ጎን ቆመ።

በላች። በጣቷ እየለቀመች፣ እሾሁን በምላሷ እየለየች፣ ማንንም ሳታይ። ጭንቅላቱን ሰብራ መጠጠችው። እጇን ታጥባ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ባልዲውን አስጠጋሁ። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ኦም ፍሪክ ሰዓቱን አየ። ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ ፊቷ ላይ ወዝ መጣ። አንድ ሰዓት ሞላ፤ ያቺን ሰኞ እየጠበቀ የተኮማተረው ግንባሯ ተፈታ። ዓሣው ረግቷል! ባልዲውን ደረቴ ላይ አቅፌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

ዓይኗን ከፍታ አየችኝ።

«ሌላ የለም?» አለች።

«አለ» አልኳት፣ «ግን ገና ባሕር ውስጥ ነው።»

ኦም ፍሪክ ይሄን ያህል አማርኛ ይችላል። እኔ ጫማዬን አስሬ ሳልጨርስ እሱ ፒክአፑን አስነሥቶ ጡሩምባ እየነፋ ነበር።